ቀይ ጊዜ ይፈልጋል

ሀረገወይን እጇን ደብቃ የምትኖር ሴት ነበረች። እንግዳ መጥቶ ሻይ አቅርቢ ስትባል ትሪውን ከሥር ደግፋ ነው የምትይዘው፣ ጣቶቿ እንዳይታዩ። ሰኞ ሐምራዊ፣ ረቡዕ አረንጓዴ ናቸው፤ የልደት ትእዛዝ በበዛ ሰሞን ደግሞ ጥፍሯ ሥር ጥቁሩ ገብቶ የጋራዥ ሠራተኛ ትመስላለች። ጓንት ጠፍቶ አይደለም፤ ማዳም በካርቶን ታስመጣለች። ሀረገወይን ግን በጓንት ማሸት አልሆነላትም። ሊጡ ሲደርቅ፣ ሲላላ፣ ቀለም ሲጠግብ የምታውቀው በመዳፏ ነው፤ ጓንት ሲገባ ያ ሁሉ ዕውቀት ውጭ ይቀራል።

ኩዌት ከመጣች ስድስተኛ ዓመቷ ነው፤ ስድስቱንም ዓመት ባያን የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ማዳም ደላል ቤት። ሥራዋ መጥረግ፣ ማጠብ፣ መተኮስ ነበር። ኬክ የመጣው ከኮሮና ጋር ነው። በ2012 ግንቦት አገሩ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ማዳም ቤት መቀመጥ አቃታትና ከስልክ ላይ እያየች ኬክ ማስጌጥ ጀመረች። ፎቶውን ኢንስታግራም ላይ ለጠፈች። እህቶቿ አዘዙ፣ የእህቶቿ ጓደኞች አዘዙ፣ ሦስት ወር ሳይሞላ ሲርዳቡ፣ ማለትም የቪላው ምድር ቤት፣ የኬክ ቤት ሆኖ አረፈው። ለማዳም የጊዜ ማሳለፊያ የሆነው ለሀረገወይን በመጥረጊያው ላይ የተደረበ ሥራ ነበር። መጥረጊያውን የቀነሰላት የለም።

ፎንዳንት የሚሉት ኬኩን እንደ ልብስ የሚያለብሱት የስኳር ሊጥ ነው። ፈዛዛውን ቀለም ማንም ያወጣዋል፤ ጠብ አድርጎ ማሸት ነው። መከራው ደማቁ ላይ ነው። ማዳም የመጀመሪያ ቀይዋን ስትሠራ ግማሽ ብልቃጥ ቀለም ገልብጣ ያገኘችው የድድ ቀለም ያለው፣ እጅ ላይ የሚሟሟ ነገር ነበር። ሊጡን ግድግዳ ላይ ወረወረችው። ግድግዳውን ያጠበችው ሀረገወይን ናት፤ እያጠበችም "ማዳም፣ ቀይ እኮ ማደር አለበት" አለች። መጀመሪያ ሮዝ ይደረጋል፣ ከዚያ ቀዩ በጥቂቱ ይገባል፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይተኛል። ማዳም ሳቀችባት። በማግስቱ ላስቲኩ ሲፈታ በርበሬ የመሰለ ቀይ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀለም የሀረገወይን ሆነ። ጥቁሩን ከቡናማ ቸኮላት ሊጥ አስነስታ ታጠቁረዋለች፣ ሰማያዊው እንዲጠልቅ ሐምራዊ ታስነካዋለች። ፎቶው ሥር ግን "በማዳም ደላል እጅ የተሠራ" ይላል።

ይህን ያስተማራት ስልክ አይደለም። እናቷ ወይዘሮ ብዙነሽ፣ ደጀን ከተማ ውስጥ አለላ ነክረው፣ ሰፌድና ሙዳይ ሰፍተው ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። ሀረገወይን በልጅነቷ ከቀለም ድስቱ አጠገብ ተቀምጣ "ደረሰ?" እያለች ስትነዘንዝ፣ "ቀለም እንደ ልጅ ነው፤ ስለቸኮልሽ አያድግም" ይሏት ነበር። አሁን ያ ቀለም የለየ ዓይን ግላኮማ ይዞታል። የባሕር ዳሩ ሐኪም፣ የሄደው ብርሃን አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እናቆየው ብሏቸዋል።

በየእሑዱ ጎረቤታቸው እማዋይሽ ስልኳን ይዛ ትመጣና እናትና ልጅ በቪዲዮ ይገናኛሉ። ስልክ ላይ የልጃቸው ፊት ለወይዘሮ ብዙነሽ አይለይላቸውም፤ በአካል አፍንጫ ለአፍንጫ ቢጠጉ ግን ገና ያያሉ። ስለዚህ ሀረገወይን አንድ ዘዴ አመጣች። የሳምንቱን ሊጥ ድቡልቡል አድርጋ የስልኩን ዓይን ትሞላዋለች፣ እናቷም ቀለሙን ይጠራሉ። ሲጀምሩት ጨዋታ ነበር። ከዚያ ቢጫው በገና ጠፋ፣ አረንጓዴው በጥምቀት፤ ሁዳዴ ሲገባ የቀረላቸው ደማቁ ቀይ ብቻ ሆነ። "ቀይ!" ይላሉ እንደ ሕፃን ደስ ብሏቸው። አንድ ቀን ታዲያ ቀይ ካሉ በኋላ፣ "ሀረጌ፣ ቀዩ ሳይጠፋ ነይልኝ" አሏት።

መሄዱ በእሷ እጅ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን በሄደች። ፓስፖርቷ ማዳም መሳቢያ ውስጥ ነው። ኢጃዛ፣ ማለትም ወደ አገር የምትሄድበት ዕረፍት፣ መጀመሪያ አውሮፕላን ማረፊያው ተዘግቷል ተብሎ ቀረ፤ ቀጥሎ "ብትሄጂ መመለሻው ይዘጋብሻል" ተብሎ ቀረ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነበር ነገሩ። በ2013 ረመዳን ሲገባ ግን ማዳም ፓስፖርቱን ከመሳቢያው አውጥታ፣ የሚያበቃበት ቀን ገና መሆኑን ፊቷ ላይ አነበበችላት። "ገርጌዓንንና ዒድን እንደ ወርቅ ሥሪልኝ፤ ከዒድ በኋላ በሳምንቱ ትኬት እቆርጥልሻለሁ" አለች። ሀረገወይን ያን ቀን ደረጃውን ሁለት ጊዜ ጠረገችው፣ የምታደርገው ጠፍቷት።

ገርጌዓን በረመዳን አጋማሽ ልጆች ደጅ ለደጅ እየዘፈኑ ከረሜላ የሚሰበስቡበት በዓል ነው። በዚያ ዓመት የሰዓት እላፊ ስለነበረ ልጆቹ አልወጡም፤ ዘመድ ለዘመድ ኬክ ይላላካል። ለማዳም ከዚህ የተሻለ ገበያ የለም። አንድ ነገር ብቻ ጎደለ፤ በቤቱ ውስጥ የሚቀምስ አፍ።

ቁጠሩልኝ። ማዳም ጾም ናት፤ ምግብ የሚሠራ ሰው በምላሱ ጫፍ ቀምሶ ቢተፋ ይፈቀዳል ሲሏት "ጥርጣሬ ውስጥ አልገባም" ባይ ናት። ባባ፣ ማለትም የማዳም ባል፣ ጾም ነው። ሁለቱ ሴት ልጆች ጾም ናቸው። ሾፌሩ ሸምሰዲን ምራቁን ለመዋጥ እንኳ የሚያስብ ሰው ነው። ሀረገወይን ደግሞ ሁዳዴ ላይ ናት፤ ሊጡ የሚሠራው ከማርሽማሎ ነው፣ ማርሽማሎው ከከብት አጥንት የሚወጣ ጄላቲን እንዳለበት ከሰማች ወዲህ በጾም ወራት ጣቷን እንኳ አትልስም። ስድስት ዓመት ሙሉ ከዚያ ቤት ውስጥ የእሷ ነው የምትለው ነገር ቢኖር ጾሟ ነበር። ሌላው ሁሉ፣ ክፍሉ፣ ሰዓቱ፣ ስልኩ ሳይቀር፣ በፈቃድ ነው። ማዳምም በዚህ ትኮራባታለች፤ ለእህቶቿ "የእኔዋ ሀበሻ ከእኛ በላይ ነው የምትጾመው፣ ሃምሳ አምስት ቀን!" እያለች ታወራለች።

የቀረችው ምሥጋና ናት። ምሥጋና የሆሳዕና ከተማ ልጅ ናት፣ ጴንጤ፣ ከመጣች ዓመት ያልሞላት፤ ከላይ ፎቅ ታጸዳለች፣ አርብ አርብ ከኅብረቷ ጋር በስልክ ትዘምራለች። የሥጋና የወተት ጾም የላትም። ስለዚህ ኬኩ ከመውጣቱ በፊት "ምሥጋና!" ተብላ ትጠራለች፣ ትቀምሳለች፣ "ጣፋጭ ነው" ትላለች፣ ተመልሳ ትወጣለች። ሀረገወይን "አንቺ እኮ የቤቱ አፍ ነሽ" እያለች ትቀልድባት ነበር።

የእኛ ሆሳዕና ዕለት፣ እሑድ ጠዋት፣ ሀረገወይን ከግቢው ዘንባባ ቅጠል ቀጥፋ ጣቷ ላይ ቀለበት አሠረች። አራት ሰዓት ላይ ማዳም ስልኳን እያውለበለበች ወረደች። ያዘዘው የጀህራ ከተማ ትልቅ ቤተሰብ ነው። አያትየዋ ኬኩ እንደ ሳዱ፣ እንደ ጥንቱ የበደዊን የሱፍ ሽመና፣ በደማቅ ቀይና በጥቁር ጥለት እንዲለብስላቸው ይፈልጋሉ። ሳዱ በእጃቸው ሲሸምኑ ያረጁ ሴት ናቸው።

"ለመቼ?" አለች ሀረገወይን።

"ለዛሬ። አሥር ሰዓት ላይ መኪናው ይወጣል።"

"ማዳም፣ ቀዩ አላደረም።"

"ያላ፣ ቶሎ በይ፣ ሀራ! እጅሽ ያውቅበታል።" ሙሉ ስሟ ለማዳም ምላስ ረዝሞባት ሀራ ነው የምትላት።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ቀይ ሳያድር ደምቆ እንዲታይ ከተፈለገ ቀለሙ ይበዛል፤ ቀለሙ ሲበዛ ደግሞ ኮሶ ይሆናል። የማይመር ቀይ አለ፣ ነገር ግን በዚያ ዓመት ዕቃ እንደ ልብ አይገባም፤ የመጨረሻው ብልቃጥ ካለቀ ሳምንት ሆኖታል። ሀረገወይን የዘንባባ ቀለበቷን አውልቃ መደርደሪያ ላይ አኖረችና ማሸት ጀመረች። ቀለም ጨመረች። አየችው፤ ሮዝ ነው። ጨመረች። የጀህራዋ አሮጊት ሱፍ ትዝ አላት፤ ካላዩት ሰው ጋር መፎካከር እልህ ውስጥ ይከታል፤ ደግሞ ጨመረች። ስምንት ሰዓት ላይ ቀዩ ቀይ ሆነ። ልቧ ግን አላመነም።

"ምሥጋና! ነይ እስቲ፣ በደንብ አላምጪው።"

ምሥጋና ቁራሹን አፏ ውስጥ አደረገች፣ አላመጠች፣ ዋጠች። "ጣፋጭ ነው፣ እትዬ ሀረግ።"

"አይመርም?"

"ኧረ ጣፋጭ ነው።"

ኬኩ ሄደ። እውነት ለመናገር ሀረገወይን ከሠራቻቸው ሁሉ ያማረ ነበር።

ሰኞ ጠዋት የማዳም ጫማ ደረጃው ላይ ሲጮህ ነገሩ ታወቀ። የጀህራ ሕፃናት ካፍጥር በኋላ የጎረሱትን ምንጣፍ ላይ ተፍተውታል። አያትየዋ አንዴ ቀምሰው "ይህ ኬክ ነው ወይስ መድኃኒት?" ብለዋል። የልጅ ልጃቸው ደግሞ ይህንኑ ቀርጻ ለጥፋዋለች። ማዳም ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናግራ ሳትጨርስ ስልኳ ጠራና እያለቀሰች ወደ ጓሮ ወጣች።

ሀረገወይን ወደ ምሥጋና ዞረች። ልጅቷ መጥረጊያዋን ታቅፋ ቆማለች፣ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

"ምሥጋና፣ ምን ቀመስሽ?"

"ምንም።"

"ምን ማለት ነው ምንም?"

"ሽታም ጣዕምም የለኝም። ዛሬ አሥረኛ ቀኔ ነው። ትንሽ አልቦኝ ነበር፣ ተወኝ፣ አፌ ግን አልተመለሰም።"

"ለምን አልነገርሽኝም? የማይቀምስ አፍ ይዘሽ ጣፋጭ ነው ትይኛለሽ?"

"ብናገር ወደ መክተቡ፣ ወደ ኤጀንሲው ቢሮ ይመልሱኛል፣ እትዬ። ኤጀንሲው ክፍል ውስጥ አሥራ ስድስት ሆነን ተኝተን ነበር የከረምነው። እባክሽ። ስትጠሪኝ ምን ልበል? ሁልጊዜ ጣፋጭ ነበራ።"

ሀረገወይን በጥፊ ልትላት እጇ ተነሣ። ሰሞነ ሕማማት መሆኑ ትዝ ብሏት አወረደችው። ተናደደች፣ አዘነች፣ ሁለቱም አንድ ላይ ሆነባት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ኬኩም ቃሉም ሄዷል።

ማዳም ተመለሰች። "ማን ነው የቀመሰው?"

እዚህ ላይ ደግ ነበረች ብሎ የሚያወራ ይኖራል፤ እኔ ግን ልቧን በሙሉ እነግራችኋለሁ። ምሥጋና ናት ብትል ልጅቷ ለምን እንደዋሸች ይጠየቃል፤ በሽታው ይወጣል፤ ቤቱ በሙሉ ይመረመራል፣ ሲርዳቡ ይዘጋል፣ ኢጃዛውም አብሮ ይዘጋል። ግማሹ ርኅራኄ ነው፣ ግማሹ ደጀን ነው።

"እኔ ነኝ ማዳም።"

ማዳም ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። "አንቺ? በጾምሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"እኔ ለሰው ሁሉ ምን ስል ነው የኖርኩት? ለካ ጾምሽም ውሸት ነው!" አለች ማዳም። ጩኸት አልነበረውም። ሀረገወይን ብትሰደብ ለምዳዋለች፤ ይህ ግን ሆዷ ገባ። "አድምጪኝ። ለነገ እንደገና ትሠሪዋለሽ፣ በነፃ እልክላቸዋለሁ። ይህም ከመረረ ኢጃዛ የሚባል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ። ደግሞ ስትቀምሺ ፊቴ ነው።"

ያን ቀን ከሰዓት ሀረገወይን ሮዙን ለወሰች፣ ቀዩን በጥቂቱ ሰጠችው፣ ጠቀለለችው፣ አስተኛችው። በዚህኛው አልቸኮለችም። ማታ ክፍሏ ገብታ ስትሰግድ ሰውነቷ ትኩስ ነው፣ ጉሮሮዋ ይከረክራል። የድካም ነው ብላ ተወችው። የምሥጋና በሽታ ሳይታወሳት ቀርቶ አይደለም፤ ማሰብ አልፈለገችም።

ማክሰኞ ላስቲኩን ስትፈታው ቀዩ የቀይ ቀይ ሆኖ ወጣ። በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ቀይ አላየችም። ቀለሙ ጥቂት ስለሆነ እንደማይመር እጇ ያውቃል፤ መቅመስም አያስፈልገውም። ማዳም ግን ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

"ቅመሺ።"

ሀረገወይን በዓይኗ ለመነቻት። የማዳም ዓይን አልተመለሰም። ትናንት ቀመስኩ ያለች ሴት ዛሬ አልቀምስም ብትል ማን ይሰማታል? በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ያልሻረችው ጾም ነው፤ በሰሞነ ሕማማት፣ በማክሰኞ፣ ገና በቀትር። ጥፍር የምታህል ቆረሰች። በልቧ እማዬን ይቅር በልልኝ አለች፤ ለምን እናቷን እንዳለች እሷም አታውቅም። ከዚያ አፏ ውስጥ አስገባችው።

አላመጠች። ጠበቀች። ቁራሹ ምላሷ ላይ ይንከባለላል፣ ይለሰልሳል፣ ጥርሷ ላይ ይጣበቃል። አይጣፍጥም። አይመርም። ሻማ እንደ ማኘክ ነው። እንደገና ጠበቀች፤ ምናልባት ዘግይቶ ይመጣ ይሆናል ብላ። ምንም አልመጣም።

ጾሟን ሽራ እንኳ የሻረችበትን አላገኘችውም።

"እሺ?" አለች ማዳም።

ጣዕም የለኝም ብትል በሽታው ወጣ፤ ይመራል ብትል ውሸት፤ ጣፋጭ ነው ብላ ከመረረ ደግሞ እናቷ ቀሩባት። ዋጠችው።

"ጣፋጭ ነው፣ ማዳም።"

ምሥጋና ደረጃው ሥር ቆማ ነበር። ያንን ቃል ከነድምፁ ታውቀዋለች፤ የራሷ ነው። ፊቷን ሸፍና ወደ ላይ ሮጠች። ሸምሰዲን ኬኩን ተሸክሞ ወጣ፣ መኪናው ወደ ጀህራ ሄደ።

እጇ አልዋሸም። ኬኩ ጣፋጭ ነበር። አያትየዋ ሁለት ጊዜ አስቆርጠው በሉ፤ "ይህ ቀይ የወጣትነቴ ሱፍ ነው" ያሉበትን የልጅ ልጃቸው ቀርጻ ለጠፈችው፣ ማዳምም ለሁሉ አሳየችው። ሀረገወይን ሦስት ቀን ትኩሳቷን ደብቃ ሠራች። አርብ፣ በስቅለት ዕለት፣ ማዳም እየሳቀች ወረደች፤ ለዒድ ብቻ አርባ ትእዛዝ መጥቷል፣ አብዛኛው ሳዱ ነው።

"ማዳም፣ ኢጃዛው..." አለች ሀረገወይን።

"ከዒድ በኋላ እኮ የምረቃ ሰሞን ነው፣ ሀራ። ከምረቃው በኋላ ሠርጎቹ አሉ። ክረምቱን እንለፈው፣ ኢንሻላህ። አንቺ ከሄድሽ ማን እንዲህ ያለ ቀይ ያወጣልኛል?" ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረገቻት። "ፓስፖርትሽ እንደሆነ የትም አይሄድም።"

ቢመር ኖሮ ኢጃዛው አይኖርም፤ ጣፈጠና ደግሞ በጣፋጭነቱ ቀረ። ሀረገወይን ልትናደድ ሞከረች፣ ንዴቱም እንደ ሊጡ አልቀመስ አላት።

የፋሲካ ጠዋት ምሥጋና ሁለት እንቁላል ጠብሳ አወረደችላት። "እንኳን አደረሰሽ፣ እትዬ።" እሷ የምትፈታው ጾም የላትም፤ ይቅርታ መጠየቂያዋ ነበር። ሀረገወይን ተቀብላ በላችው። ትኩስ መሆኑን አወቀች፤ ሌላ ያወቀችው የለም። ከዚያ የዒዱን ሰማያዊ ሊጥ ማሸቱን ቀጠለች።

ስልኩ ጠራ። እማዋይሽ ናት፤ ስልኩን ወደ ወይዘሮ ብዙነሽ አዞረችው። አዲስ ነጠላ ለብሰዋል፣ ፊታቸው ከስልኩ ትንሽ ገለል ብሎ ወደ መስኮቱ ያያል።

"እንኳን አደረሰሽ ልጄ! ጾሙን በሰላም ፈጸምሽ?"

"አብሮ ያድርሰን እማዬ። ፈጸምኩ።"

"መቼ ነው የምትመጪው? ለእማዋይሽ ከዒዳቸው በኋላ ነው ብያት፣ ቤቱን ልቀባልሽ ነው እያለች ነው።"

ሀረገወይን ሊጡን አገላበጠች። "እሱን... አዎ፣ ከዒድ በኋላ ነው።"

"እሰይ! ዛሬስ ምን ይዘሽልኝ መጣሽ? አሳዪኝ እስቲ።"

ቀዩ ሁሉ ጀህራ ሄዷል። እጇ ላይ ያለው ሰማያዊው ብቻ ነው። ዛሬ ቀይ የለም፣ ሰማያዊ ነው ይዤ ያለሁት ልትል አስባ ሊጡን ወደ ስልኩ አነሣችው። እናቷ ቀደሟት።

"ቀይ!" አሉ ወደ መስኮቱ እያዩ፣ እጃቸውን እያጨበጨቡ። "ደማቅ ቀይ! ምን ያምራል ልጄ! እንደ ውኃ ነው ወለል ብሎ የሚታየኝ።"

እማዋይሽ ስልኩን ዘንበል አድርጋ ሰማያዊውን ራሷ አየችው።

ሀረገወይን ሰማያዊውን ሊጥ ከስልኩ ዓይን አላወረደችም።

"አዎ እማዬ፣ ቀይ ነው" አለች።